የብሪታ ዕድል ከመቶ ስንት ነው

አርሊስ ሩድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኬስተር ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነበረች። እኛ ዘንድ አማካሪ ማለት ብዙ ነገር ማለት ነው። ጠዋትና ማታ የሰሜኑን መስመር አውቶቡስ ትነዳለች፤ በመሃል የታይፕ ትምህርት ታስተምራለች፤ በምሳ ሰዓት የወተት ካርቶን ትቆጥራለች፤ የቀረውን ጊዜ ደግሞ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ልጆቹ ትምህርት ሲጨርሱ ወዴት እንደሚያመሩ ትመክራቸዋለች። እኔ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የእሷ በርና የእኔ የምግብ ማቀበያ መስኮት ፊት ለፊት ስለነበሩ፣ ማን ገብቶ ማን እያለቀሰ እንደወጣ ሳልፈልግም አያለሁ።

አገሩ ሁሉ አርሊስን ልበ ሙሉ ሴት ናት ይላት ነበር። ሞንታና ውስጥ በጥር ወር ሃያ ልጆች ጭኖ በረዶ ላይ የሚነዳ ሰው እንዴት ፈሪ ይባላል? ፈሪ መሆኗን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በረዶውን አትፈራም። ልጆቹ የኮሌጅ ማመልከቻ ይዘው በሯን ሲያንኳኩ ግን እጇ በረዶ ይሆናል።

"አንቺ ጨው ብታበዢ ድስቱን ትደፊዋለሽ፤ እኔ ብሳሳት ምኑን ልድፋው?" ትለኝ ነበር።

ብሪታ ሆውክ በሩን ያንኳኳችው ጥቅምት ላይ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ወለል ወለሉን የምታይ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የአባቷ እርሻ ከከተማችን ሃያ ሁለት ማይል ይርቃል። በዚያ ዓመት የሚመረቁት ተማሪዎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ከዘጠኙ አንደኛ እሷ ናት። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስላልነበረን መጽሐፉን ብቻዋን አንብባ ጨረሰችው። ካልኩለስ የምትማረው በፖስታ ነው፤ የሠራችውን ትልካለች፣ እርማቱ በሦስት ሳምንቱ ይመጣል።

"ሚስስ ሩድ፣ አሽዌል ኮሌጅ ማመልከት እፈልጋለሁ" አለች።

አሽዌል ሁለት ሺህ ማይል ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከሰባት አመልካች አንዱን ብቻ ይቀበላል። ከኬስተር የሄደ ቀርቶ ያመለከተም የለም።

"ስለ አሽዌል ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። እርስዎ መደርደሪያ ላይ ካለው ትልቁ መጽሐፍ ነው ያነበብኩት።"

"እሺ። ሌላስ የት አሰብሽ?"

"ሌላ አላሰብኩም።"

"ሌላም ማሰብ አለብሽ፣ ብሪታ።"

"አስባለሁ። ግን እዚያ የመግባት ዕድሌ ከመቶ ስንት ነው?"

"አየዋለሁ። አይቼ እነግርሻለሁ።"

ልጅቷ እንደወጣች አርሊስ ወደ ወጥ ቤት መጥታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"የኦሪን ልጅ ናት" አለችኝ።

"የማን ልጅ እንደሆነች መቼ አጣሁት።"

"አጥተሻል። ቁጭ በይ።"

ያን ቀን የነገረችኝን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ማለትም ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ ኦሪን ሆውክ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ሳለ በምሳ ሰዓት መጥቶ እንደ አሽዌል ስላለ ትልቅ ኮሌጅ ጠየቃት። እሷ የወተት ካርቶን እየቆጠረች ነበር። ቀና ብላም አላየችው። "እንደዚያ ያለ ቦታ እንደኛ ያሉትን ልጆች አይወስድም። ባትደክም ይሻልሃል" አለችው። አመስግኗት ወጣ። ነገሩ ሁሉ አራት ደቂቃ አልፈጀም። በዓመቱ የፋይል ሳጥን ስታጸዳ በስሙ የመጣ የታሸገ ፖስታ አገኘች። የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውጤቱ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ ተልኮ ማንም አልከፈተውም። ከፈተችው። ከመላው ሞንታና ከመጀመሪያዎቹ መቶ ተማሪዎች አንዱ ነበር።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ መልሼ አስገባሁት። እሱ በዚያን ጊዜ አግብቶ ያርስ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ፖስታ ቤት በተገናኘን ቁጥር ስለ ዝናብ እናወራለን።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ፍርሃት ሰውን ምን ያህል እንደሚያስር ያሳየኛል። አርሊስ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላ በአንድ በኩል ልጅቷን የሚያስገባትን፣ በሌላው በኩል የሚያስቀራትን ጻፈች። ነጥቧ፣ ብቻዋን ያነበበችው ፊዚክስ፣ ከሩቅ ገጠር መምጣቷ በአንድ በኩል። ዘጠኝ ልጆች ብቻ ያሉበት ክፍል፣ ስሙ የማይታወቅ ትምህርት ቤት፣ ኅዳር ላይ የወሰደችው ፈተና በሌላ በኩል። ያ ፈተና ተበላሽቶ ነበር። ብሪታ ሰዓቱን ሳታይ አንዱ ጥያቄ ላይ ቆይታ የመጨረሻውን ክፍል ባዶ ትታ ወጥታለች። አሽዌል የሚቀበለው ሌላ ፈተና የቀረው በጥር ወር የሚሰጠው ብቻ ነው። አርሊስ ቁጥሩን ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ማመልከቻውንና የድጋፍ ደብዳቤውን በጊዜው ላከች፤ ቁጥሩን ግን ለልጅቷ አልነገረቻትም። ብሪታ በየሳምንቱ በሩ ላይ ትቆማለች። አርሊስ "እያየሁት ነው" ትላታለች። ልጅቷ በምሳ ሰዓት ሳህኗን እንዳለ መመለስ ጀመረች።

ታኅሣሥ ላይ ኦሪን ራሱ መጣ። ለልጆች በተሠራው አጭር ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"ሚስስ ሩድ፣ ልጅቷ መብላት ትታለች። ሜቪስ ፈርታለች" አለ። ሜቪስ ሚስቱ ናት።

"አውቃለሁ፣ ኦሪን።"

"ከእርስዎ አንድ ቁጥር እየጠበቀች ነው። ጥሩም ይሁን መጥፎ ይንገሯት፤ ትችለዋለች። ግን አደራዎን፣ መጀመሪያ በደንብ ይዩት።"

ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። አርሊስ እየተደናበረች እኔ ዘንድ መጣች።

"ያውቃል" አለችኝ።

"ምን ብሎሽ?"

"መጀመሪያ በደንብ ይዩት አለኝ።"

"ሰው እንዲህ ይላል እኮ፣ አርሊስ።"

"አይደለም፣ ያውቃል። ልጅቷን ለፈተናው እኔ ነኝ የምወስዳት። ይሄን እንኳ ላድርግ።"

የጥር ወሩ ፈተና የሚሰጥበት ከተማ ከእኛ መቶ ሠላሳ ማይል ነው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሱ። ሬዲዮው ትንሽ ነፋስ ይኖራል አለ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁለቱም በየፊናቸው ነግረውኛል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም።

ሰባ ማይል እንደሄዱ ነፋሱ መሬት ላይ የተኛውን በረዶ አነሳው። መጀመሪያ መንገዱ ጠፋ። ቀጥሎ የአጥሩ እንጨቶች ጠፉ። ወዲያው የመኪናቸው አፍንጫም አልታይ አለ። ላይም ታችም አንድ ዓይነት ነጭ ሆነ። አርሊስ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ በዝግታ ወደ ቀኝ አወጣችና ቆመች። ከመንገዱ ወጥታ ይሁን መሃል ላይ ቆማ አታውቅም። ከኋላ የጭነት መኪና ቢመጣ አያያቸውም። ይህን ሁለቱም አሰቡት፤ ሁለቱም አልተናገሩትም።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች ብሪታ።

"አንድ ከሩብ።"

"ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋሉ።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።"

"ምን ያህል ይቀረናል?"

"ስልሳ ማይል።"

ብሪታ እርሳሶቿን የያዘችበትን ከረጢት ጭኗ ላይ አደረገች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰዓቷን አየች። ሁለት ከሩብ ሲሆን እንደገና አየች። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረችው።

እኛ አገር ክረምት ላይ ያለ ብርድ ልብስና ያለ አካፋ ማንም ከቤት አይወጣም። አርሊስ ሁለት ብርድ ልብስ፣ በቆርቆሮ ውስጥ የቆመ ሻማና የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ ነበራት። ሞተሩን በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያስነሱና ያጠፉታል። በሁለተኛው ጊዜ አርሊስ ራሷን ከበዳት፤ አፏ ውስጥ የጭስ ጣዕም መጣባት። ወዲያው አጠፋችው። የጭስ ማውጫው በበረዶ ተደፍኗል። ካልጠረጉት ሞተሩን እንደገና ማስነሳት ሞት ነው። ካላስነሱት ደግሞ ብርዱ አለ።

"እኔ እወጣለሁ" አለች ብሪታ።

"አትወጪም። እኔ ነኝ የምወጣው።"

"በዚያ በታመመ ዳሌዎ? ሚስስ ሩድ፣ እኔ ጥጃ ከበረዶ ስጎትት ነው ያደግኩት።"

አርሊስ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረችላት፤ ጫፉን በራሷ እጅ ሁለቴ ጠመጠመችው። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ሻማውን አጠፋው። ልጅቷ በሁለተኛው እርምጃ ጠፋች። አርሊስ ዓይኗን ገመዱ ላይ ተክላ ቀረች። ገመዱ ተወጠረ፣ ላላ፣ ተወጠረ። ከኋላ አካፋው ብረት ሲነካ የሰማች መሰላት። ከዚያ ገመዱ ላላና እንደላላ ቀረ።

"ብሪታ" ብላ ጠራች። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችውም።

ገመዱን ሳበችው። ያለ አንዳች ክብደት መጣ። ጫፉ እጇ ላይ ሲደርስ ባዶ ነበር። አርሊስ ስትነግረኝ፣ "በዚያች ሰዓት ኦሪን አጥር ጥግ ቆሞ ታየኝ። ምን ብዬ እንደምነግረው ቃል ስፈልግ ነበር" አለችኝ። በሩን ለመክፈት እጀታውን ያዘች። ብትወጣ ሁለቱም እንደሚጠፉ ታውቃለች፤ ቢሆንም ልትወጣ ነበር። በዚያው ቅጽበት በሌላው በኩል መስኮቱ ተንኳኳ። ቋጠሮው በረዶ ይዞት ተፈትቶ ኖሮ፣ ብሪታ መኪናውን በእጇ እየዳሰሰች ዞራ መጥታለች።

ገባች። ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኗል፤ ጣቶቿ አይታጠፉም። አርሊስ እጆቿን በራሷ ብብት ውስጥ ከትታ ያዘችላት። ብዙ ቆዩ።

"ከመቶ ስንት ነው?" አለች ብሪታ በመጨረሻ።

"አሁን ምን ያደርግልሻል?"

"ጽፈውታል እኮ። ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ አይቼዋለሁ፣ ተገልብጦ ነበር። ስንት ነው?"

አርሊስ ከዚያ በላይ መሸሽ አቃታት። "ይሄን ፈተና ደህና ብትሠሪ ሃያ አምስት። ካልወሰድሽው አሥር።"

ብሪታ ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። "አሥር ከዜሮ ይሻላል" አለች። "እኔ ዜሮ ስለሆነ ነው ዝም ያሉኝ ብዬ ነበር።"

ይህን ስትሰማ አርሊስ የአባቷን ነገር ከነፖስታው አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ምን እንደገፋፋት ለራሷም ግልጽ አልሆነላትም። ምናልባት እንደሚሞቱ አምና ነበር። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

"አባዬ ስለዚያ ቀን አንዴ አውርቶልኛል" አለች። "ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ ነው የሚለው። እርስዎን አይደለም የሚወቅሰው።"

የበረዶ መጥረጊያው መኪና እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ደረሰ። የሚነዳው ዱዌይን የሚባል የአርሊስ የቀድሞ ተማሪ ነው። ወርዶ መስኮቱን ጠረገና ጎንበስ ብሎ አያቸው።

"ሚስስ ሩድ፣ እዚህ ጋ አውቶቡስ አይቆምም እኮ" አላት።

አርሊስ ልትስቅ ሞከረች። ዱዌይን ደግፎ አወረዳት። የቆሙት መንገዱ መሃል ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አርሊስ አሽዌል ልትደውል ቆረጠች። እዚያ ደውላ አታውቅም። የምትለውን በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ዘጋችው።

"ምን እንዳይሉሽ ነው?" አልኳት።

"ሴትዮ፣ ማን ነሽና ነው እዚህ የምትደውዪው እንዳይሉኝ።"

በአራተኛው አንድ ሰው አነሳ። ድምፁ የደከመ ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም። የምዕራቡን ማመልከቻዎች የማነበው እኔ ነኝ አላት። በረዶውንና የቀረውን ፈተና ነገረችው። ሰውየው አዘነ፣ ግን ጥር የመጨረሻው ነው አለ። ያለውን ይዘን እናነባለን፤ ፋይሉ ላይ የሌለ ነገር ካለ ይንገሩኝ አላት።

አርሊስ ወረቀቷን አየች። ከዚያ ገለበጠችው። ሐተታውን ሁሉ ትታ ስለ ካልኩለሱ ነገረችው። ብሪታ ባለፈው ዓመት የሠራችው አንድ ጥያቄ ስህተት ተብሎ ተመለሰላት። ልጅቷ ስምንት ቀን ሙሉ ደጋግማ ሠራችውና ስህተቱ የመምህሩ የመልስ መጽሐፍ ላይ እንደሆነ አሳይታ ጻፈች። መምህሩ ይህን መጽሐፍ አሥራ አንድ ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ያየው ሰው አልነበረም ብሎ መለሰላት። ብሪታ ያን ደብዳቤ ለማንም አላሳየችም፤ አርሊስ ያወቀችው ፖስታው በትምህርት ቤቱ በኩል መጥቶ ራሷ ስለከፈተችው ነው።

ሰውየው ሲጽፍ ይሰማል። ከዚያ፣ "እዚህ ብትመጣ ትዘልቃለች ብለው ያምናሉ?" አላት።

አርሊስ ዓይኗን ጨፈነች። "እፈራላታለሁ" አለች። "ግን ለሁሉም ልጅ እፈራለሁ። ፍርሃቱ የኔ ነው፤ ስለ እሷ የሚናገረው ነገር የለም።"

ስልኩን ስትዘጋ ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣብቆ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ መልስ ገና ሳይመጣ፣ አርሊስ ኦሪን እርሻ ድረስ ነድታ ሄደች። ብሪታን እንዳትነግረው ለምናት ነበር፤ ራሴ ልንገረው ብላ። ኦሪን የድርቆሽ ማሰሪያውን ማሽን ፈትቶ ሥሩ ተኝቷል። ቆማ ስለ ፖስታው ነገረችው። እሱ ከማሽኑ ሥር ሳይወጣ ሰማት፤ ከዚያ ወጣና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከጸዳም በኋላ ይጠርግ ነበር።

"ውጤቱን አላወቅኩም ነበር" አለ። "ያን ያህል ጥሩ ነበር?"

"በጣም ጥሩ ነበር። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ኦሪን።"

"እኔም አንድ ነገር ልንገርዎት። ሜቪስም አታውቀውም። ያን ቀን አይወስዱህም ሲሉኝ ደስ አለኝ። እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት። ፈርቼ ነበር፤ እርስዎ ገላገሉኝ። ብሪታን ሳያት የሚያስፈራኝ ያ ነው። እሷም ፈርታ፣ አልወሰዱኝም ብላ የምትደሰት እንዳይሆን።"

አርሊስ ይህን ስትነግረኝ ቀለል የሚላት መስሏት እንደነበር፣ ግን እንዳልቀለላት አልደበቀችኝም። "ይቅርታ ሲደረግልኝ ነገሩ ያልቃል ብዬ ነበር" አለች።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤው መጣ። እሺም እምቢም አይልም፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገብተሻል ይላል። ቦታ ከተገኘ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይደወልልሻል። ሌላ፣ ቅርብ ያለ ኮሌጅ ተቀብሏታልና ባዶ እጇን አልቀረችም። ሆኖም ብሪታ እነዚያ ሁለት ወራት ከበረዶው ይብሳሉ ትል ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ክው ይላል።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜቪስ ወጥ ቤቴ ገብታ በሩን ዘጋችው።

"ኔልዳ፣ እንዳይደውሉ እየጸለይኩ ነው" አለችኝ። "ለሰው እንዳትናገሪ።"

"እናት ነሽ። ምን ይደንቃል?"

"እዚያ ሄዳ ብትታመም ማን ያውቅላታል? ስትፈራ እኮ አትናገርም። እኔ ነኝ ከፊቷ የማነበው። እዚያ ማን ያነበዋል?"

እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።

ስልኩ የጮኸው ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ኦሪንና ብሪታ ድርቆሽ ላይ ነበሩ፤ ያነሳችው ሜቪስ ናት። ያ የደከመ ድምፅ ያለው ሰውዬ ነበር። ቦታ ተገኝቷል፤ ነገ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት መልሷን ካላገኘን ለሚቀጥለው እንሰጠዋለን አላት። ሜቪስ እሺ ብላ ዘጋች። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ያነሳ ሌላ ሰው የለም። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። የምሳውን ድስት አውጥታ መልሳ አስገባችው። አንድ ጊዜ የሰውየውን ስልክ ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት ገንጥላ ምድጃው ውስጥ ከተተችው፤ መልሳ አወጣችው። ይህን ሁሉ እሷው ናት በኋላ የነገረችኝ፣ ሳታፍር።

ከዚያ ተነስታ በእግሯ ወደ ማሳው ሄደች። መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አልወሰደችውም። ብሪታ ከትራክተሩ ላይ ሆና እናቷ በድርቆሹ መሃል ስትመጣ አየችና ሰው የሞተ መስሏት ሞተሩን አጠፋች።

"ደወሉ" አለች ሜቪስ። "ይወስዱሻል። እስከ ነገ መልስ ስጪ ብለዋል።"

ኦሪን የብሪታን ፊት አየ። ብሪታ ነጣች፤ ከትራክተሩ ወርዳ ጎማው ሥር ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ፈራሁ" አለች።

"እኔም ፈርቻለሁ። ተነሺ፣ ቤት ገብተን እንደውል።"

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሄደች። የመጀመሪያው መንፈቅ ቀላል አልነበረም። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ትምህርት ሊያልቅ ሲል ትምህርት ቤቱ ስልክ ላይ ደወለች፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አርሊስን ጠራኋት። ኬሚስትሪ ወድቃለች። በክፍሉ ያሉት ልጆች በሰባት ዓመታቸው የተማሩት ነው የሚመስለው፤ እኔ ብቻ ነኝ ቃሉን የማላውቀው አለች። የአርሊስ ከንፈር ሲደርቅ አየሁ። ተሳሳትኩ ብላ እያሰበች እንደሆነ አውቄዋለሁ።

"ልምጣ?" አለቻት።

"አይ። ለአንድ ሰው መናገር ፈልጌ ነው። ለእናቴ ብነግራት ትሞታለች።"

"እሺ ንገሪኝ። ጊዜ አለኝ።"

ሃምሳ ደቂቃ አወሩ። የሰሜኑ መስመር ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ሹፌራቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ትደውል ነበር፤ ጸደይ ሲገባ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ፤ በሁለተኛው ዓመት ረሳችው። አንድ መንፈቅ አቋርጣ ቤቷ ተቀምጣ ነበር፣ ተመልሳ ሄደች፣ በአምስት ዓመት ጨረሰች። አሁን የጉድጓድ ውኃ ትመረምራለች፤ ለአዝመራ ትመጣለች። ይህን ስናገር ሁሉም ነገር ያለ ፍርሃት ያለፈ እንዳይመስል። ሜቪስ በየሳምንቱ ክብደት ትቀንስ ነበር። ኦሪን የፖስታ ሳጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ ይከፍት ነበር።

አርሊስ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠራች። ልጆች ሲጠይቋት በሳምንቱ ቁጥሩን ትነግራቸዋለች፤ እሳሳት ይሆናል ብላ ትጨምራለች። እጇ ግን እንደቀዘቀዘ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሩቅ ቦታ የሞከሩት ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ ገባች፤ አንዱ አልገባም። ላልገባው አርባ ከመቶ ብላው ነበር። የእምቢታው ደብዳቤ የመጣ ቀን እሷ ክፍል ገብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በመስኮቴ አያቸው ነበር። ድሮ ቢሆን ሰበብ ፈልጋ ወደ እኔ ትሸሽ ነበር። ያን ቀን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም፤ ልጁ አልቅሶ እስኪጨርስ፣ ተናግሮም እስኪወጣለት አብራው ተቀመጠች። ከሄደ በኋላ መጥታ የምሳ ትርፍ እንዳለ ጠየቀችኝ። የቀዘቀዘ ማካሮኒ ነበር። ቆማ ሁለት ሳህን በላች።